ደብረ ሲና፤ ስለ ስሟና ስለ አጠራሯ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ደብረ ብርሃንን ካለፈ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የሚያየው ለጥ ያለ ደጋ፣ የገብስ ማሳ፣ በድንጋይ የታጠረ የበግ በረትና በጋቢ የተጠቀለለ እረኛ ነው። ጉዶ በረትን ዐልፎ ወደ ጣርማ በር ሲቃረብ ግን አገሩ በድንገት ያልቅበታል። መኪናው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተራራውን ሰንጥቆ በተሠራው ዋሻ ገብቶ በወዲያኛው አፍ ብቅ ሲል፣ መንገደኛው ከደጋው ጫፍ ሆኖ የይፋትን ቆላ ቁልቁል የሚመለከት ይሆናል። ሰማዩ የጠራ እንደ ሆነ ሸንተረሩ አንዱ ከሌላው በታች እየተደራረበ እስከ ሩቅ ይታያል፤ ጉም የወረደ እንደ ሆነ ግን ከመኪናው መብራት በቀር የሚታይ ነገር የለም፤ ጉሙም እንግዳ አይደለም። ከዚያ ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ጆሮ ይደፈናል፤ ብርዱ ጥቂት ይላላል፤ ከአዲስ አበባ በ190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይም ደብረ ሲና ይደረሳል።

አውቶቡሱ ገና ሳይቆም ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ይከቡታል። የደብረ ሲና ቆሎ በመንገደኛ ዘንድ የታወቀ ስለ ሆነ ሳይገዛ የሚያልፍ ጥቂት ነው። መንገደኛውም ቆሎውን ይዞ፣ ከተማዪቱን በመስኮት አይቶ፣ ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ስለ ስሟ የሚጠይቅ ግን ከስንት አንድ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንነጋገርበት የፈለግነው ይኸው ስም ነው፤ በገዛ አገሩ ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ወደ እንግሊዝኛ በተሻገረ ጊዜስ ምን እንደሚደርስበት።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር፣ በቅርብ ያየነውን አንድ ነገር እንንገረው። ከተማሪዎቻችን አንዱ፣ በደብረ ሲና ዙሪያ የሚኖር የገበሬ ልጅ፣ በውጭ አገር ትምህርቱን ለመቀጠል ዕድል አግኝቶ ማስረጃዎቹን ሰብስቦ ላከ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የመጣለት መልስ ግን የሚያስደስት አልነበረም። በልደት ምስክር ወረቀቱ፣ በትምህርት ማስረጃውና በፓስፖርቱ ላይ የተጻፈው የትውልድ ቦታ ሦስት ዓይነት ስለ ሆነ፣ ሦስቱ አንድ ከተማ መሆናቸው በሚመለከተው ሹም ተረጋግጦ ይጻፍልን የሚል ነበር። አባቱ በአጨዳ ሰሞን ሥራቸውን ጥለው ከአንዱ ጽሕፈት ቤት ወደ ሌላው ተንከራተቱ። አንዱ ጸሓፊ «እኔ የማረጋግጠው በአማርኛ የተጻፈውን ነው» ብሎ መለሳቸው፤ ሌላው ደግሞ «እንግሊዝኛውን የጻፍነው እኛ አይደለንም» አላቸው። በመጨረሻ ወደ እኛ መጥተው፣ ወረቀቶቹን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው እያሳዩን፣ «መምህር፣ ደብረ ሲና አንዲት ናት፤ እነዚህ ሰዎች ሦስት ያደረጉብኝ በምን ምክንያት ነው?» አሉን። ማረጋገጫው የተገኘው ትምህርቱ ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። የልጁ ዕድል ያን ያህል ጊዜ በአንዲት ፊደል ላይ ተንጠልጥሎ ሰንብቶአል።

ያችም ፊደል «ረ» ናት። በአንደኛው ወረቀት ላይ «ደብረ» የሚለው ቃል መጨረሻው በላቲኖች አምስተኛ ፊደል ተጽፎአል፤ በሁለተኛው በመጀመሪያዋ ፊደል ተጽፎአል፤ በሦስተኛው ደግሞ ሁለቱ ቃላት ያለ ክፍተት ተጋጥመው አንድ ቃል ሆነዋል። ለእኛ ሦስቱም ያው ናቸው፤ አስቀድመን ስሙን ስለምናውቀው ዓይናችን የጎደለውን ይሞላል። ስሙን የማያውቀው እንግሊዝ ግን የሚያነበው ያየውን ነው። አምስተኛዋን ፊደል ያየ እንደ ሆነ «ዴብሪ» ወይም «ደብሬ» ይላል፤ በቋንቋው ይህች ፊደል በቃል መጨረሻ ስትመጣ ብዙ ጊዜ ድምፅ ስለሌላት ጨርሶ ውጦ «ዴበር» የሚልም አይጠፋም። የመጀመሪያዋን ፊደል ያየ እንደ ሆነ ደግሞ «ዴብራ» ይላል። «ዴብራ» በእንግሊዝና በአሜሪካ የታወቀ የሴት ስም ነው፤ በመጽሐፈ መሳፍንት ታሪኳ ከተጻፈው ከነቢይቱ ከዲቦራ ስም አጥሮ የወጣ ነው። ዲቦራ ማለትም በዕብራይስጥ ንብ ማለት ነው። እንግዲህ በአንዲት ፊደል ለውጥ ተራራው ንብ ሆኖ ዐረፈው።

ሁለተኛው ቃልም ከዚህ አያመልጥም። በእንግሊዝኛ ዘጠነኛዋ የላቲን ፊደል አንዳንድ ጊዜ «ኢ»፣ አንዳንድ ጊዜ «አይ» ትሆናለች። እንግሊዞች ሙሴ ሕግ የተቀበለበትን ተራራ «ሳይናይ» ብለው ሲጠሩ ስለ ኖሩ፣ «ሲና» የሚለውን ስም ሲያዩ አፋቸው ወደ ለመደው ያዘነብላል። ከዚህ የተነሣ «ዴብራ ሳይና» የሚባል፣ በይፋትም ሆነ በመንዝ ማንም የማያውቀው ከተማ ይወለዳል።

ይህ ሁሉ የአጻጻፍ ልዩነት ከጸሓፊዎች ስንፍና ብቻ የመጣ እንዳይመስለን። ግዕዝ የምንላት የመጀመሪያዪቱ የፊደል ድምፅ፣ ማለት «ደ»፣ «ረ»፣ «ሸ» የምታሰማው፣ በላቲን ፊደል የራሷ ምልክት የላትም። የኤውሮፓ የግዕዝ ሊቃውንት፣ ከእነርሱም ውስጥ የግዕዝን ሰዋስው እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1857፣ መዝገበ ቃላቱን በ1865 ያሳተመው ጀርመናዊው አውጉስት ዲልማን፣ ግዕዙን ድምፅ በመጀመሪያዋ የላቲን ፊደል፣ ራብዑን ደግሞ በዚያችው ፊደል ላይ ሰረዝ ጨምረው ይጽፉ ነበር። ሰረዙን ካርታ ሠሪው ሲተወው «ደብረ» እና «ደብራ» አንድ ሆኑ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1967 የእንግሊዝና የአሜሪካ የቦታ ስም መሥሪያ ቤቶች በተስማሙበት ሥርዓት ግዕዙ ድምፅ በአምስተኛዋ ፊደል እንዲጻፍ ሆነ። ዛሬ ያሉት ሊቃውንት ደግሞ በመጀመሪያዋ ፊደል ራስ ላይ ሁለት ነጥብ አድርገው ይጽፉታል። እያንዳንዱ በራሱ ሕግ ሲታይ ትክክል ነው፤ ችግሩ የሚመጣው በአንድ ሰው እጅ ላይ ሦስቱ ሕጎች ሲገናኙ ነው።

የሸዋን ስም ብንመለከት ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። እ.ኤ.አ. ከ1841 እስከ 1843 ከእንግሊዝ መንግሥት ተልኮ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው ሻለቃ ሐሪስ «ሸ»ን በ«ኤስ» እና በ«ኤች» ጻፋት። በዚያው ዘመን ወደ ንጉሡ መጥቶ የነበረው ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ግን በአገሩ ልማድ በ«ሴ» እና በ«አሽ» ጻፋት። ኢጣልያኖችም በተራቸው ይህንኑ ድምፅ ለማሰማት ሦስት ፊደል አሰለፉ። የፈረንሳዊውን አጻጻፍ እንግሊዝ ቢያነበው «ቾአ» ይላል፤ የኢጣልያኑን ቢያነበው ደግሞ ምን እንደሚል እግዚአብሔር ይወቅ። ሰዎቹ ሁሉ በጆሮአቸው የሰሙት ግን አንዲቱን ሸዋን ነበር።

እንግዲህ ወደ ትርጉሙ እንግባ። ደብር በግዕዝ በመጀመሪያ ተራራ ማለት ነው። መነኮሳት ከዓለም ርቀው በተራራ ላይ ስለሚቀመጡ ቃሉ ገዳምንም የሚያመለክት ሆነ፤ ኋላም በአማርኛ ማዕርግ ያለው ቤተ ክርስቲያን ደብር ተባለ። ስለዚህ «ደብራችን» የሚል ምእመን ቤተ ክርስቲያኑ በሜዳ ላይ ብትሆንም፣ ሳያስበው ተራራን እየጠራ ነው። በአገራችን በዚህ ቃል የሚጀምሩ ስሞች እንደ ምን በዝተዋል! አንዳንዶቹ ከቅዱሳት መጻሕፍት ተራሮች የመጡ ናቸው፤ ደብረ ታቦር፣ ደብረ ዘይት፣ ደብረ ጽዮን እንደሚባሉት። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1445 ደብረ አስቦ የነበረው ታላቁ ገዳም ደብረ ሊባኖስ ተብሎ ተሰየመ። ከደብረ ሲና በስተ ምዕራብ ያለችው ጎረቤታችን ደብረ ብርሃንም ይህንኑ ንጉሥ ታስታውሳለች፤ በዜና መዋዕሉ እንደ ተጻፈው፣ ከሰማይ ብርሃን ታይቶ ስለ ነበር ቦታውን በዚህ ስም ጠራው። በጎጃም ቀድሞ መንቆረር ይባል የነበረው ከተማ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ደብረ ማርቆስ ሆነ።

በእነዚህ ስሞች ሁሉ ውስጥ ያለችው «ረ» ሥራ የሌላት ማሳረፊያ አይደለችም። ደብር ብቻውን ሲነገር «ር» ሳድስ ናት። ከሚከተለው ስም ጋር ሲናበብ ግን ወደ ግዕዝ ትለወጣለች። ይህን ሕግ ሰዋስው ያልተማሩ እናቶች እንኳ በየቀኑ ይሠሩበታል፤ ቤት ብለው ቤተ ክርስቲያን፣ ሀገር ብለው ሀገረ ስብከት፣ መጽሐፍ ብለው መጽሐፈ ቅዳሴ ይላሉና። አማርኛ «የ» ብሎ ከፊት የሚያመጣውን፣ እንግሊዝኛም ራሱን በቻለ ቃል ከመካከል የሚያስገባውን ዝምድና ግዕዝ በአንዲት ትንፋሽ ይጨርሰዋል። ደብረ ሲና ማለትም የሲና ተራራ ማለት ነው። እንግሊዙ «ደብሬ» ባለ ጊዜ ወይም «ዴበር» ብሎ በዋጠው ጊዜ የሚሰበረው ይህ መጋጠሚያ ነው። ስሙ ትርጉም ካለው ሐረግነት ወጥቶ ተራ ድምፅ ይሆናል።

ስለ «ሲና»ም ብዙ የሚባል አለ። አንድ በከተማዪቱ ያገኘነው፣ እንግሊዝኛ በሚገባ የሚያውቅ ወጣት «ትክክለኛው ሲናይ ነው፤ የእኛ አባቶች ፊደል ጥለውበታል» ሲል ሰምተነዋል። ይህ ግን እንዲያ አይደለም። ዕብራውያን «ሲናይ» ይላሉ፤ እንግሊዞችም ብሉይ ኪዳንን ከዕብራይስጥ ሲተረጉሙ ይህን ተከተሉ። የእኛ ብሉይ ኪዳን ግን ወደ ግዕዝ የተመለሰው ከጽርዕ፣ ማለት ሰባው ሊቃናት ተረጎሙት ከሚባለው ነው። በዚያም ተራራው «ሲና» ተብሎ ተጽፎአል። ዐረቦችም «ሲናእ» ይላሉ። ለዚህ ምስክር የሚሆነን ደግሞ ራሱ የእንግሊዞች መጽሐፍ ነው። በንጉሥ ጄምስ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ፣ በብሉይ ኪዳን በዕብራይስጡ መሠረት ከጻፈ በኋላ፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 7፣ እስጢፋኖስ ስለ ሙሴ በሚናገርበት ስፍራ፣ ጽርዑን ተከትሎ የመጨረሻዋን ፊደል ትቶ ልክ እንደ እኛ «ሲና» ብሎ ጽፎታል። እንግዲህ አባቶቻችን የጣሉት ፊደል የለም፤ በሌላ በር ገቡ እንጂ።

በዚያው በር የገባ ሌላም ቃል አለ። ሙሴ በእሳት ሳይቃጠል ያየውን ቍጥቋጦ «ዕፀ ጳጦስ» እንለዋለን። «ጳጦስ» የጽርዕ ቃል ሲሆን እሾኻማ ቍጥቋጦ ማለት ነው። ዕብራውያን ይህንኑ ቍጥቋጦ «ስኔ» ይሉታል፤ ከሊቃውንትም የሲናይ ስም ከዚህ ቃል ጋር ይዛመዳል የሚሉ አሉ፤ ሲን ከተባለው ከጥንታውያን የጨረቃ ጣዖት ጋር የሚያያይዙትም አሉ። ያም ሆነ ይህ፣ ተራራውና ቍጥቋጦው አብረው በጽርዕ ልሳን ወደ እኛ መጥተዋል። አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። በግብፅ በረሓ ያለው፣ ዐረቦች «ጀበል ሙሳ» የሚሉት የሲና ተራራ፣ ከፍታው 2,285 ሜትር ነው። የእኛዪቱ ደብረ ሲና ግን ከ2,600 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች፤ ያውም ጣርማ በርን በራስጌዋ አድርጋ። በስሙ የተጠራችው ከስሙ ባለቤት በላይ ሆና ትኖራለች።

የአገር ስም በባዕድ አፍ መበላሸቱ በእኛ ብቻ የደረሰ አይምሰለን። ፈረንሳይና እንግሊዝ በባሕር ብቻ የተለያዩ ጎረቤቶች ሲሆኑ እንኳ አንዱ የሌላውን ከተማ በትክክል አይጠራም። ነገሥታተ ፈረንሳይ ይቀቡባት የነበረችውን ከተማ ፈረንሳዮች «ራንስ» ሲሏት እንግሊዞች «ሪምዝ» ይሏታል። ጳጳሱ ዑርባኖስ ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በ1095 ስለ መስቀል ጦርነት የሰበከባትን ከተማ ፈረንሳዮች የመጨረሻዋን ፊደል ሳያሰሙ «ክሌርሞን» ይላሉ፤ እንግሊዞች ግን ያዩትን ፊደል ሁሉ ለማሰማት ስለሚሹ «ክሌርሞንት» ይላሉ። የዚህች ከተማ ስም ከላቲን የመጣ ሆኖ ትርጉሙ ብሩህ ተራራ ማለት ነው። ለደብረ ብርሃን ከዚህ የቀረበ ዘመድ በኤውሮፓ ይገኛል ብለን አናምንም። ይህን ለተማሪዎቻችን በነገርናቸው ጊዜ ከደብረ ብርሃን የመጡት ልጆች ቀና ቀና ብለው ተቀመጡ።

ከሁሉ ይልቅ የሚገርመን ግን በደቡብ እንግሊዝ ያለው የአንድ ገዳም ነገር ነው። ንጉሥ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1204 ለመነኮሳት ገዳም ሠራ፤ ስሙም በፈረንሳይኛ «ቦልዮ» ተባለ፤ ያማረ ቦታ ማለት ነው። አጻጻፉ እስከ ዛሬ የፈረንሳዮች ነው። አጠራሩ ግን «ቢውሊ» ሆኖአል። ዛሬ በዚያ መንደር የሚኖር የእንግሊዝ ሕፃን «ቢውሊ» ሲል፣ ፈረንሳይኛ ካልተማረ በቀር፣ ከተናገረው ውስጥ ያማረ ነገርም ሆነ ቦታ አይሰማውም። ፊደሉ ቆሞ ትርጉሙ ሞተ። እኛ የምንፈራው እንዲህ ያለውን ነው፤ እርሱም ከባዕድ አፍ ይልቅ ከገዛ ልጆቻችን አፍ የሚጀምር ነው።

በፍርዳችን እንዳናደላ፣ እኛም የሰውን ስም ማጣመማችንን መካድ አይገባም። ሮማን ሮሜ አልናት፤ ፍራንክ የተባለውን ሕዝብ፣ ፈረንሳይም ስሟን ያገኘችበትን፣ በዐረቦች በኩል ተቀብለን «ፈረንጅ» አደረግነውና እንግሊዙንም ጀርመኑንም በዚሁ ስም ጠቀለልነው። እያንዳንዱ ቋንቋ እንግዳን ስም በገዛ ልብሱ ያለብሰዋል፤ ስለዚህ «ዴብራ ሳይና» የሚለውን እንግሊዝ መውቀስ የለብንም፤ አፉ የተሠራው እንዲያ ነው። የስሙ ባለቤት ግን ሌላ ነው።

በአንድ የበዓል ቀን ከጥቂት ተማሪዎች ጋር በደብረ ሲና ሆነን ሳለ፣ ከመካከላቸው አንዱ፣ እንግሊዝኛው የሚያስመሰግን ልጅ፣ ለሁለት የውጭ አገር ጎብኚዎች ስለ ከተማዪቱ ያስረዳ ነበር። «ይህች ዴብራ ሳይና ትባላለች» እያለ ምላሱን እየጠቀለለ ሲናገር፣ በአጠገባችን ቆመው የነበሩ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ በጥሞና አዳመጡና «ልጄ፣ ይህ የምትለው አገር ወዴት ነው?» አሉት። ልጁም በአማርኛ «እዚሁ ነው እንጂ፣ አባቴ፤ ደብረ ሲና» አላቸው። «እንግዲያማ እኔም የዚሁ ነኝ» አሉና ሄዱ። ጎብኚዎቹ ያን ጊዜ የሰሙትን «ደብረ ሲና» ያዙትና አንዴ ሁለቴ ሞክረው ደኅና አድርገው ጠሩት። መጀመሪያውኑ አልተነገራቸውም እንጂ ቢነገራቸው ኖሮ ይችሉት ነበር። የተጣመመውን ያስተማራቸው የአገሩ ልጅ ነው።

በዚሁ መንገድ ላይ ባዕድ የሰጠው ስም በእኛ አፍ እንደ ምን እንደሚከርም ማየት ለሚፈልግ ሰው ከከተማዪቱ በላይ ያለው ዋሻ ይበቃዋል። ዋሻውን የሠሩት ኢጣልያኖች አገራችንን ወርረው በያዙበት ዘመን ነው፤ በአለቃቸውም ስም ጠሩት። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከወጣ ብዙ ዘመን ዐልፎአል። ሆኖም ዛሬም ሾፌሩም ተሳፋሪውም «ሙሶሊኒ ደረስን» ሲል ይሰማል። አባቶች ግን ለዚያ ስፍራ ስም አላጡለትም ነበር። ጣርማ በር ይሉታል፤ በር ማለትም ከደጋ ወደ ቆላ የሚያሳልፍ መግቢያ ማለት ነው። አንኮበርም አንኮ የተባለች ንግሥት በር እንደ ነበረ ይነገራል። ወረዳው ዛሬ በጣርማ በር ስም መጠራቱ ደስ ያሰኘናል፤ የሾፌሮቹን አፍ ለመመለስ ግን ገና ጊዜ ሳይወስድ አይቀርም።

የስም ነገር ከወረቀትና ከጉብኝት በላይ የሆነበትንም ቀን አይተናል። በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና በደረሰ ጊዜ፣ የከተማዪቱ ስም በውጭ አገር ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይነገር ጀመር። በሩቅ አገር የሚኖር አንድ የምናውቀው ሰው ያን ጊዜ የደረሰበትን አጫውቶናል። እናቱ ከደብረ ሲና ሸሽተው ወደ ደብረ ብርሃን ሄደው ነበር፤ ስልክ አይሠራም። ሌሊት የእንግሊዝኛውን ዜና ሲያዳምጥ ተናጋሪዋ «ዴብራ» አለች፤ የቀጠለውን ቃል በቅጡ ሳያዘው ወደ ሌላ ነገር ዐለፈች። የተወሰደችው እናቱ ትተዋት የወጧት ከተማ ትሁን ወይስ የተጠጉባት ከተማ እስኪነጋ ድረስ አላወቀም። ለተናጋሪዋ ሁለቱም የሩቅ አገር ስሞች ናቸው፤ ለእርሱ ግን በሲናና በብርሃን መካከል እናቱ ነበሩ። ጠዋት በወዳጆቹ በኩል ደኅንነታቸውን ሰማ።

አጠራሩን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ማስረዳት የሚፈልግ ሰው ብዙ አይቸገርም። እንግሊዞች «አባውት» በሚሉት ቃላቸው መጀመሪያ ላይ ያለችው ልል ድምፅ ለ«ደ» እና ለ«ረ» በጣም የቀረበች ናት፤ ያችን ሁለቴ እንዲያሰሙ መንገር ነው። «ሲ»ን ባሕር በሚሉበት ቃላቸው ማሳየት ይቻላል። ደግሞም አንዱን ክፍል አክብደው ሌላውን የመዋጥ ልማድ ስላላቸው፣ አራቱን ክፍሎች በእኩል እንዲያስኬዱ ማሳሰብ ያስፈልጋል። በፊት ለፊት ሦስት ጊዜ ቢደገምላቸው ይበቃል።

ስለ ወረቀቱ ግን ወላጆች ቢጠነቀቁ እንወዳለን። ልጅ ሲወለድ በሚወጣው ምስክር ወረቀት ላይ የትውልድ ቦታው በላቲን ፊደል እንደ ምን እንደ ተጻፈ አይታችሁ፣ ትምህርት ቤት ስታስገቡት በዚያው አጻጻፍ እንዲጻፍ አድርጉ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት በአምስተኛዋ ፊደል የሚጨርሰው፣ ሁለቱን ቃላት ለይቶ የሚጽፈው ነው፤ ለግዕዙ ንባብም የሚስማማው እርሱ ነው። ከከተማው ስም አጠገብ ሰሜን ሸዋ የሚለው ቃል አይቅር። በጣና ዳር በጎርጎራ በሥዕሏ የታወቀች ደብረ ሲና ማርያም አለች፤ በኤርትራ በኤላበርዕድ አጠገብ ብዙ ምእመናን የሚሳለሙት የደብረ ሲና ገዳም አለ፤ በደቡብ ወሎም በዚሁ ስም የታወቀ ወረዳ አለ። ሐንጋሪዎች ደግሞ ደብረጸን የሚሉት ትልቅ ከተማ አላቸው፤ ጆሮ ደብረ ጽዮን የተባለ ይመስለዋል እንጂ ከእኛ ጋር አንዳች ዝምድና የለውም፤ የእኛን ስም በተጋጠመ አጻጻፍ ያየ የውጭ አገር ጸሓፊ ግን መዝገቡን ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያገኘው እርሱን ነው።